«አንደኛ ነው ያስገባሁት»

«አሁንም ‹አንደኛ ነው ያስገባሁት› ይላል?»

«ትናንት ራት ላይ ብሏል። ከዚያ ዝም አለ።»

«ይኸውልሽ እማዬ፣ እኔን የሚያስፈራኝ መሳሳቱ አይደለም። ማን የማይሳሳት አለ? ግን ያላደረገውን አድርጌያለሁ ብሎ ሲምል፣ እሱ ስህተት አይደለም፤ ሕመም ነው። እኛ ፋርማሲ ስንቱ ይመጣል መሰለሽ፣ መድኃኒት ሊገዛ መጥቶ የገዛ ልጁ ስም የጠፋበት።»

ማሙሽ የጥርስ ብሩሹን እንደነከሰ፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ካለው ቧንቧ አጠገብ ደርቆ ቀረ። ውሃው ይፈሳል፣ አረፋው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል፣ እሱ ግን ጆሮው እናቱና እህቱ በሚያወሩበት መስኮት ላይ ነው። ስለ እሱ አንድም ቃል ያነሣ የለም፤ የሚወራው ሁሉ ግን የሚወጋው እሱን ነው። ማሙሽ የሚለው ስም አያሳስታችሁ፤ ጢም ካወጣ የከረመ፣ መንገድ ዳር ሞባይል የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ ያለው ጎልማሳ ነው። ግን የቤት ታናሽ ሆኖ የተወለደ ሰው ፀጉሩ ቢሸብትም ማሙሽ ነው፤ ምን ይደረጋል! ታላቅ እህቱ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ቤቱን ቀጥ አድርጋ ስለምትገዛ «አለቃ» ናት። አግብታ ከወጣች በኋላም ሹመቷ አልተነሣም። እናታቸው እግራቸው በጀሶ ከተጠቀለለ ወዲህ በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ብቅ እያለች ትራሱን ታስተካክላለች፣ መድኃኒቱን ትሰጣለች፣ ከዚያም የዕለቱን ውሳኔ ታሳውቃለች። የዛሬው ውሳኔ መኪናዋ እንድትሸጥ ነው። ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪው ዳቦ ማከፋፈያ ይፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ያያታል።

«አባታችሁስ እሺ ይላል?» አሉ እናት።

«እሺ ብሏል። እንዲያውም ቶሎ ከዓይኔ ትጥፋልኝ ነው ያለው።»

ማሙሽ ይህን ሲሰማ አፉን ሳይጉመጠመጥ ቧንቧውን ዘጋ።

አባታቸውን ሰፈሩ የሚያውቃቸው «ካፒቴን» በሚል ስም ነው። አውሮፕላን ነድተው እንዳይመስላችሁ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዱት የከተማ አውቶቡስ ነው። ግን እሳቸው ሲነዱ ተሳፋሪ ቆሞ ሻይ ቢጠጣ ጠብታ አይፈስበትም ይባልላቸው ነበር። ጡረታ ከወጡም በኋላ ያችን ሰማያዊ አሮጌ መኪናቸውን በየጠዋቱ አጥበው ሚስታቸውን ገበያ ያደርሳሉ፣ ጎረቤት ሲታመም ያመላልሳሉ፣ ሙሽራ አጅበውም ያውቃሉ። ባለፈው እሑድ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ግቢው በር አድርጋ ቆማ ሳለ ካፒቴኑ ሊወጡ ሞተር አስነሡ፤ እናት ከበስተኋላ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጋ ነበሩ። መኪናዋ ወደ ፊት በመሄድ ፋንታ ወደ ኋላ ዘለለች። የእናት እግር በመኪናዋና በሲሚንቶው ገንዳ መሀል ገባ። አለቃ እሑድ እሑድ እናቷ ቤት ናትና ከመስኮት ሆና አይታለች፤ ጩኸቷ እስከ ዳቦ ቤቱ ተሰምቷል። ዘልላ ገብታ መኪናዋን ያራቀችውም እሷው ናት፤ ማርሹ ኋላ ማርሽ ላይ እንደተሰካ በዓይኗ በብረቱ አይታለች። ካፒቴኑ ወርደው ሚስታቸውን ሲያዩ የመጀመሪያ ቃላቸው «አንደኛ ነው ያስገባሁት» ሆነ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይም ይህንኑ አሉ። ማን ይመናቸው? በአንደኛ ማርሽ ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና የት አገር ታይቶ!

ማርሹን የገጠመው ማሙሽ ነው፤ ያውም በዋዜማው፣ ቅዳሜ። ሞባይል ጠጋኝ ሲባል ብሎን ያለበት ነገር ሁሉ የእሱ ይመስለዋል። ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ «አጭር ማርሽ» የሚሉት ነገር ዓይኑ ገባ፦ ረጅሙ የማርሽ ዘንግ ይወጣና በቦታው አጠር ያለ፣ እጀታው የሚያብረቀርቅ ሌላ ዘንግ ይገባል፤ እጅ ብዙ ሳይርቅ ቅጭ፣ ቅጭ ይላል። ለአባቱ «ትከሻህን እንዳያምህ ብዬ ነው» አላቸው። ትከሻቸውን ማመሙ እውነት ነው። ግን አንዳንድ ቀን መኪናዋን ተውሶ ጓደኞቹን ሲያንሸራሽር ያ እንደ ከዘራ የረዘመ ዘንግ ያሳፍረው እንደነበርም እውነት ነው፤ ይቺን ለማንም አልተነፈሳትም። ካፒቴኑ «ያለው ምን ሆነ?» ብለው አንዴ ጠየቁ፤ ልጃቸው ሲጓጓ እምቢ ማለት ስለማይሆንላቸው ቁልፉን ሰጡት።

መሀሉ ላይ ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ ፈታ፣ የቆዳውን ከረጢት ገለበጠ፣ የድሮውን ዘንግ አወጣ፣ አዲሱን ግራሶ ቀብቶ አስገባና ከታች ካለው ማገናኛ ጋር በብሎን አሰረው። ከአንዲት ነገር በቀር ሁሉም እንደ ቪዲዮው ሄደለት። የዚያች መኪና ኋላ ማርሽ የአንደኛ ጎረቤት ነው፤ ሁለቱም በግራ በኩል ወደ ፊት ናቸው። እንዳይምታቱ ከእጀታው ሥር ቀለበት አለ፤ ቀለበቱን በሁለት ጣት ወደ ላይ ካልሳቡት ዘንጉ ወደ ኋላ ማርሽ አይሻገርም፤ ከታች ያለች የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል መቆሚያ ታግደዋለች። አዲሱም ዘንግ ቀለበት ነበረው፤ መቆሚያዋ ግን ከእሱ ጋር አልገጥም አለች፤ ትንሽ በሞረድ መነካት ነበረባት። ጀምበር ልትጠልቅ ነው፣ ሞረዱ ያለው ሱቅ ነው። ማሙሽ ያለ መቆሚያዋ ገጠመው። ሞከረው፤ ቀለበቱን ሳይነካ ኋላ ማርሽ ሰተት ብሎ ገባለት። «ማን ቀለበት ሳይስብ ያስገባዋል፤ ሰኞ አስተካክለዋለሁ» ብሎ መቆሚያዋን ኪሱ ከተታት። አባቱ መጥተው አዲሱን እጀታ እየዳሰሱ «እጅህ ይባረክ» ሲሉትም አልነገራቸውም። እየተመረቁ «ይቅርታ፣ አልጨረስኩም» ይባላል እንዴ?

የካፒቴኑ እጅ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። አንደኛ ሲያስገቡ በጣት እየለኩ አይደለም፤ በመዳፋቸው ዘንጉን ግራ ድረስ ይገፉትና መቆሚያውን ተደግፈው ወደ ፊት ይሰዱታል። ዓይናቸው መንገድ ላይ ነው፤ ማርሽ ማየት የጀማሪ ነው ይሉ ነበር። ያን እሑድ መዳፋቸው ገፋ፣ የሚያግደው አጣ፣ አልፎ ሄደ። ያደረጉት ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ነው። ሆስፒታል ውስጥ አለቃ ማሙሽን ወደ ጎን ወስዳ «ያ ማርሽ ይሆን እንዴ? አንተ ነህ የነካካኸው» ብላ ጠይቃዋለች። እሱም፣ ነገሩ በዚያች ቅጽበት ወለል ብሎ ታይቶት እያለ፣ «ማርሹ ምንም የለውም» አላት። እንዲህ ያለ መልስ ከሰው አፍ እንዴት ፈጥኖ እንደሚወጣ ይገርማል።

ሳሎን ሲገባ እናት ሶፋው ላይ እግራቸውን በትራስ ከፍ አድርገው ተቀምጠዋል። ያ ሶፋ ለእንግዳ ካልሆነ የማይቀመጡበት ነበር፤ አሁን አልጋም፣ ገበታም፣ ችሎትም ሆኗል። አንዱ ክንዱ ላይ የመድኃኒት ብልቃጦች ተደርድረዋል፣ ሌላው ላይ ማበጠሪያና የትናንት ጋዜጣ። ካፒቴኑ ከበሩ አጠገብ ባለችው የእንጨት ወንበር ጫፍ ላይ፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ጉልበታቸውን ገጥመው ተቀምጠዋል። የድሮ ቦታቸው ከሚስታቸው ጎን ነበር። ዳቦ ቆርሰው፣ ሻይ ቀድተው፣ ስኳሩን አማስለው ለሚስታቸው ያቀብላሉ፤ ዓይናቸውን ግን ከብርጭቆው አያነሡም። አለቃ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ቆማ ሻይዋን ትጠጣለች። ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ይሰማል፣ የግድግዳው ሰዓት ይሰማል።

«ምነው ሁላችሁም እንደ ለቀስተኛ ሆናችሁብኝ? የተሰበረው እግሬ ነው እንጂ እኔ አልሞትኩ!» አሉ እናት በመጨረሻ። «መንገድ ስንሄድ ዕድሜውን ሙሉ ‹ከኋላዬ ሁኚ› ሲለኝ ኖረ፤ አንድ ቀን ብታዘዘው ይኸው ጉድ ሠራኝ።»

አለቃ ሳቀች። ማሙሽም ለመሳቅ ጥርሱን አሳየ። ካፒቴኑ ግን ተነሥተው ወደ ማድ ቤት ሄዱ፤ ምድጃውን ነካ ነካ ሲያደርጉ ይሰማል። ተመልሰው መጡና ሌላው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማሙሽ፣ ጋዙ መዘጋቱን እስቲ እይልኝ» አሉት።

«አሁን ዘግተኸው አልመጣህም እንዴ አባዬ?»

«የዘጋሁት መስሎኛል። እንግዲህ መስሎኛል ነው የምለው።»

ማሙሽ ሄዶ አየ። ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል። እሑድ ከሆነው ወዲህ ነገራቸው ሁሉ እንዲህ ነው። የግቢውን በር ቆልፈው ተመልሰው ይነካኩታል፤ ለሚስታቸው የሚሰጡትን ክኒን መዳፋቸው ላይ አድርገው «ይሄ ነው አይደል?» ሳይሉ አይሰጡም፤ ቀኑ ማን እንደሆነ እያወቁ ይጠይቃሉ። ያ በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው ፀጉሩን የሚያበጥር ሰውዬ፣ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ፈቃድ ጠያቂ ሆነ። እናቱ በጀሶ ይድናሉ፤ ለአባቱ ግን አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልጋቸው፣ ያም ቃል ያለው እሱ ጋ ነው። ሄዶ «ተዘግቷል» አላቸው፤ ያ ቃል ግን ይህኛው አልነበረም። ሻዩን ሳይጨርስ ወደ ሱቁ ወጣ።

ሱቅ ሆኖም እጁ ሥራ አልያዘም። አንዲት ሴት መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ መጣች፤ ዋጋ ነገራት፣ «ኧረ በፈጣሪ!» አለች፣ ወዲያው ቀነሰላት። ሴትየዋ ሳይከራከር የቀነሰ ጠጋኝ አይታ ስለማታውቅ ተጠራጠረችና ስልኳን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች። እሱ ልብም አላላት። መሳቢያውን ከፍቶ ከስልክ ብሎኖች መሀል ያችን መቆሚያ አወጣ። በዚህች ነው እንግዲህ! ቢተፉባት የምትጠፋ! ሞረዱን አንሥቶ ጠርዟን ነካ ነካ አደረገላት፤ ሥራው ሲጋራ እስኪጨስ እንኳ አልፈጀም። ያን ቅዳሜ ሱቅ ድረስ መጥቶ ቢመለስ ኖሮ እናቱ ዛሬ ገበያ ነበሩ። እየሞረደ ሐሳቡን አበጀ፦ ምሳ ሰዓት ቤት ይሄዳል፣ መቆሚያዋን በቦታዋ ያስገባል፣ አባቱን «እስቲ አንዴ ንዳት» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ይነዳሉ፣ ምንም አይሆኑም፣ ልባቸው ይመለሳል፣ ሽያጩ ይቀራል። ሁሉም ነገር እንደነበረ ይሆናል፣ የሆነውን ደግሞ ሆድ ይፍጀው። ሰው ጥፋቱን በጓሮ በር አስገብቶ የሚጨርስ ሲመስለው እንዴት ብልህ ይሆናል! ሱቁን ዘግቶ መንገድ ሲጀምር ሰላም እንኳ ተሰማው።

ግቢው ፀጥ ብሏል። እናት ተኝተዋል፣ አለቃ ሥራ ናት፣ መኪናዋ ከእሑድ ወዲህ ሳትታጠብ አቧራ ለብሳ ቆማለች። ማሙሽ የሾፌሩ በር ጋ ተንበርክኮ መሸፈኛውን ፈታ፣ የቆዳውን ከረጢት ገለበጠ፣ መቆሚያዋን ከዘንጉ ሥር አስገባት። ልክ ቁጭ አለች። ብሎኗን ሊያስር ሲል ጥላ ወደቀበት።

«ምን ሆነች?» አሉ ካፒቴኑ።

ማሙሽ ቀና አላለም። «ምንም። ብሎኑ ላልቶ እንደሆነ ላጥብቀው ብዬ ነው። ሰውዬው ሲያያት ጥሩ እንድትሆን።»

«ደግ አደረግክ» አሉና ዞረው በወዲያኛው በር ገቡ። ከጎን ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። መኪናዋ የእሳቸው ከሆነች ወዲህ በዚያ ወንበር ተቀምጠው አያውቁም፤ ጉልበታቸው ከፊታቸው ካለው መሳቢያ ጋር ተጋጨ። «ጠባብ ነው እኮ! እናትህ ይሄን ሁሉ ዘመን ጉልበቷን የት ስታደርገው ኖረች?» አሉ። ትንሽ ፈገግ ብለው ነበር፤ ሚስታቸውን ባነሡበት ቃል ፈገግታው ጠፋ። ከፊታቸው ያለውን መስታወት በእጅጌያቸው ወለወሉ። ከግቢው ውጪ የዳቦ ቤቱ ሽታ ይመጣል፣ አንድ ቦታ ሬዲዮ ይጮሃል።

«አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለአለቃ እንዳትነግራት» አሉ። «አንደኛ ሳስገባ ትዝ ይለኛል። እጄ ትዝ ይለዋል። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ፤ ግራ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ተሳስቼ ቢሆን ተሳሳትኩ ብዬ፣ እናትህ እግር ሥር ወድቄ፣ ይቅር ብላኝ እተኛ ነበር። እኔን ያስፈራኝ ትዝ የሚለኝ ነገር ውሸት መሆኑ ነው። እንግዲያ ሌላውስ? እናትህን ያገባሁ ለት ዝናብ ነበር እላለሁ፤ ነበር ወይ? አንተ ስትወለድ ወንድ ነው ብዬ ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ጥሩምባ ነፋሁ እላለሁ፤ ነፍቻለሁ? እንጃ!»

«አባዬ» አለ ማሙሽ።

«ወዬ።»

ቃሉ ተዘጋጅቷል፤ ከምላሱ ጫፍ ደርሷል። ቀና ሲል አባቱ እያዩት ነው፤ አንድ ነገር ሊነገረው እንደሚጠብቅ ሕፃን ዓይናቸው ተከፍቷል። እዚያ ዓይን ውስጥ ያ ቃል ሲገባ የሚሆነውን አሰበ፦ እናትህን ሰበርኳት ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ሳድር አንተ ታውቅ ነበር? አብረኸኝ ሻይ እየጠጣህ? ሻዩን እያየህ?

«ካቻቢቴውን አቀብለኝ» አለ።

ካፒቴኑ ከወለሉ ላይ ፈልገው፣ ጫፉን ወደ ራሳቸው፣ እጀታውን ወደ ልጃቸው አድርገው አቀበሉት። ማሙሽ ብሎኗን አሰረ፣ ከረጢቱን መለሰ፣ መሸፈኛውን ገጠመ። ፍሪሲዮን ረግጦ ሞከረው፤ ቀለበቱን ሳይስቡ ዘንጉ ወደ ኋላ ማርሽ ንክች አይልም። «በል አባዬ፣ ና እስከ በሩ ድረስ አንዴ ንዳት» አላቸው፤ ድምፁን ደስተኛ ለማድረግ ብዙ ደከመ።

ካፒቴኑ ቀኝ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው፣ የሰው እጅ ይመስል ገልብጠው አዩት። «እናትህ ሞተር ስትሰማ ትነቃለች» አሉ። «ትደነግጣለች። አይሆንም።» ከዚያ ወረዱ፣ በሩን ዘጉት፤ ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱና መዘጋቱን ነካ አድርገው አረጋገጡ።

ዳቦ ጋጋሪው ከሰዓት በኋላ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ ከች አለ። ምላሱ የማያርፍ፣ ሲገባ «ካፒቴን፣ እርስዎ የነዱት መኪና እኮ ታቦት ነው!» እያለ የሚገባ ደግ ሰው ነው። አለቃም ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ መጥታለች። ሰውየው ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ሞተሩን ከፍቶ አሸተተ፣ ገብቶ ተቀመጠና ማርሹን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቀሰው።

«ይሄ ማርሽማ ቅቤ ነው! ማን ነው የገጠመው?»

«ወንድሜ ነው» አለች አለቃ። ከልቧ ኮርታ ነበር።

«እጁ ወርቅ ነው፣ ወርቅ!»

ማሙሽ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ካፒቴኑ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና በሁለት እጃቸው ይዘው ለዳቦ ጋጋሪው ዘረጉ። «ጠዋት ጠዋት ብርድ ሲሆን ትንሽ ታስቸግራለች፤ አትቆጣት፣ ታገሣት» አሉት። ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ተሰበረ። ያን ጊዜ ማሙሽ ከግድግዳው ተላቀቀ።

«አትውሰዳት! አባዬ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ! ያ ማርሽ ቀለበቱ ሳይሳብ ኋላ ማርሽ ይገባ ነበር። መቆሚያዋን ሳላስገባ ነው የገጠምኩት፤ እያወቅኩ። አባዬ ያስገባው አንደኛ ነው። እማዬን የሰበርኳት እኔ ነኝ!»

ዳቦ ጋጋሪው ጫማው ላይ ያለውን ዱቄት ማየት ጀመረ። ካፒቴኑ ቁልፉን እንደዘረጉ ቀሩ፤ ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር ብልጭ ሲል ማሙሽ አይቷል፣ ይምላል።

«ሆስፒታል ስጠይቅህ ምንም የለውም አላልከኝም?» አለች አለቃ።

«ዋሸሁሽ።»

አለቃ ወሬ አትወድም። ዳቦ ጋጋሪውን አስወርዳ ገባች፣ ፍሪሲዮኑን ረገጠች፣ ቀለበቱን ሳትነካ ዘንጉን ወደ ግራ ገፋችው። ቆመ። በመዳፏ፣ ልክ እንደ አባቷ፣ በኃይል ገፋችው። ቆመ። ደጋገመችው። ዳቦ ጋጋሪውም በመስኮት እጁን አስገብቶ ሞከረና፣ «እኔም ቅድም አይቼዋለሁ፣ ያለ ቀለበት ወፍ የለም» አለ፤ ሰውን ላለማስከፋት በሹክሹክታ።

«አሁንማ አይገባም! ዛሬ አስተካከልኩት፣ ምሳ ሰዓት!» ማሙሽ ጮኸ።

«ዛሬ?» አለች አለቃ። እንዲህ ስትል ድምፏ ለስላሳ ነበር፤ ከቁጣዋ ይልቅ ልስላሴዋ አስፈራው።

«ማን ይናገር የነበረ» አሉ ካፒቴኑ ቀስ ብለው። «እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ብሎን ነው ያጠበቀው። ካቻቢቴውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ግንባራቸው ተጨማደደ፣ ያ የጋዙ ፍርሃት ዓይናቸው ላይ መጣ። «‹ብሎኑን ላጥብቀው ብዬ ነው› አላልከኝም ማሙሽ? ወይስ እሱንም ተሳስቼ ነው የሰማሁት?»

ማሙሽ አላልኩም ቢል፣ አባቱ ዛሬ በጆሯቸው የሰሙትን ሊቀማቸው ነው።

«ብዬሃለሁ» አለ። «ብዬሃለሁ፣ ግን እኮ—»

«በቃ» አሉ ካፒቴኑ፣ ትንፋሻቸውን ለቀቅ አድርገው። «ተመስገን፣ ይህችን እንኳ በትክክል ሰምቻለሁ።» ቁልፉንም ለዳቦ ጋጋሪው ሰጡት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የማሙሽ እውነት ግን ባደረ ቁጥር ደፈረሰ፤ ጠዋት በሳሎኑ መስኮት ሥር ቆሞ ሳለ ጥርት ያለ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ማንም የማይጠጣው ሆነ። አለቃ ክንዱን ይዛ ወደ ገንዳው ወሰደችው። ሁልጊዜ እንደ ተማሪ የምትገሥጸው እህቱ፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። «ምን ልታደርግ እንደፈለግክ ገብቶኛል» አለችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ቢሆንልኝ እኔም በራሴ ላይ አደርገው ነበር። ግን ተስፋ አትስጠው ማሙሽ። ነገ ደግሞ ልንዳ ቢልስ? ሰው ቢሞትስ?» እሱ «እውነቴን ነው» አላት፤ እሷም «አውቃለሁ» አለችው፣ ምንም ሳታውቅ። እምልልሻለሁ ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ግን ለአባቱም ለእህቱም ሲዋሽ ከርሞ ዛሬ የሚምለው በምን አፉ ነው? መቆሚያዋን ፈትቶ ቢያሳያትም ዛሬ መፈታቷን እንጂ ያን እሑድ አለመኖሯን አያስረዳም።

መኪናዋ ስትወጣ ካፒቴኑ የግቢውን በር ራሳቸው ከፈቱ። ዳቦ ጋጋሪው አንደኛ አስገባ፤ መኪናዋ ያለ ምንም እንከን ወደ ፊት ሄደች፣ ጥሩምባ ነፋላቸው፣ መንገዱን ይዞ ጠፋ። አለቃም ባሏ ይጠብቃታልና ተከትላ ወጣች። ካፒቴኑ በሩን ዘግተው፣ ነካ አድርገው አረጋግጠው፣ መኪናዋ ትቆምበት የነበረውን ባዶ ቦታ ዞረው ነው የመጡት፤ አሁንም ያለች ይመስል መሀሉን አልረገጡም። ወደ ሳሎኑ የሚያወጣው ደረጃ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ደረጃ መባሉ ለወጉ ነው፤ እንደ ጎረምሳ ሲዘሉት የኖሩት ነው።

«ክንድህን ስጠኝ እስቲ» አሉት።

ማሙሽ ክንዱን ሰጣቸው። ክብደታቸውን ጣሉበት፤ እንዲህ ይከብዳሉ ብሎ አስቦ አያውቅም። እግራቸውን ከማንሣታቸው በፊት ደረጃውን እያዩ፣ እየለኩ ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ክንዱን ለቀው እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ጫኑ። በተከፈተው በር እናት ከሶፋው ላይ ቀና ብለው ያያሉ።

«ሰው ፊት፣ ያላጠፋውን አጠፋሁ ብሎ የአባቱን ውርደት የሚሸከም ልጅ ስንት ሰው አለው?» አሉ ካፒቴኑ። «ዕድሜዬን ሙሉ ነድቼ የተረፈኝ አንተ ነህ። እንዳንተ ያለ ልጅ ይስጥህ።»



«ሲመርቁህ አሜን አይባልም እንዴ?» አሉ እናት ከሶፋው።

አባቱ እጃቸውን ከራሱ ላይ ሳያነሡ ይጠብቃሉ።

«አሜን» አለ ማሙሽ።